ለአንዲት ኢንተር

ወገኖች፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

አንድ የኔትወርክ ባልደረባችን ሥራ ለቀቀ። እሱ የሚያውቀው የ42 ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኙ መሣሪያዎች) ፓስወርድ መቀየር ነበረበት። አንድ በአንድ እየገቡ መቀየር ይቻላል፣ ግን ቀናት ይፈጃል፤ ሰው ደግሞ ሲደክመው ይሳሳታል። ስለዚህ ከዴስክቶፔ ላይ በኤስኤስኤች (መሣሪያ ውስጥ ከርቀት በተመሰጠረ መስመር መግቢያ) እየገባ የሚቀይር ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞቹን በተራ የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ።

"በፓይተን አትሠራውም? ኔትሚኮ አለልህ አይደል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ። ስዊቹ ጥያቄውን እስኪጨርስ ጠብቆ የሚመልስ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ መሣሪያ ነው። ግን ዴስክቶፔ ላይ ምንም መጫን አይፈቀድልኝም። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ ሁለቴም "ለደህንነት ሲባል" ተብሎ ተመለሰልኝ። የተፈቀደው ፑቲ የሚባለው የኤስኤስኤች መግቢያ ፕሮግራም ብቻ ነው። ከፑቲ ጋር በሚመጣው፣ ከስክሪፕት ሊጠራ በሚችለው በፕሊንክ፣ ትእዛዞቹን ከፋይል እያነበብኩ መላክ ነበረብኝ። ፓስወርዱ በግልጽ ጽሑፍ ስክሪፕቱ ውስጥ ተቀምጦ! ይሄ ነው እንግዲህ ደህንነቱ።

መጀመሪያ የአስተናጋጅ ቁልፍ (የመሣሪያው መታወቂያ) ጥያቄ መጣ። አዲስ መሣሪያ ላይ ስትገባ "ይህን ቁልፍ ታምነዋለህ?" ይልሃል፤ ስክሪፕቱም እዚያው ይገተራል። ብዙ ሰው "ዝም ብለህ አዎ በለው" ይላል። አይሆንም! ኤስኤስኤች በ1995 ፊንላንድ ውስጥ የተወለደው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ስለተጠለፈ ነው። ያ ጥያቄ የሚጠይቀው መሀል የገባ ሰው እንዳይኖር ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ግማሽ ቀን ሄደ።

ቀጥሎ ስዊቹ መልሱን ገጽ በገጽ እያሳየ "ሞር" ብሎ የሚቆመው ነገር አለ፤ እሱን በ"ተርሚናል ሌንግዝ 0" ትእዛዝ ዘጋሁት። እሱስ ቀላል ነው።

ያቃጠለኝ የመጨረሻው መስመር ነው። የቀየርከውን ካላስቀመጥክ ለውጡ ያለው ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለማስቀመጥ የቅጂ ትእዛዙን ጻፍኩ። ስዊቹ ግን ቅጂውን ከመጀመሩ በፊት "የፋይሉ ስም ይሄ ይሁን?" ብሎ አንዲት ኢንተር ይጠብቃል። ስክሪፕቴ ኢንተሯን አልላከም። ፋይሉ ስላለቀ ግንኙነቱን ዘግቶ ወጣ። ስህተት የሚል ቃል የለም። 42ቱም ላይ "ተጠናቋል"።

አስቀድሜ ሞክሬው ነበር እኮ! የሞከርኩበት ስዊች ላይ ግን ከእኔ በፊት የነበረ ሰው እነዚህን የፋይል ጥያቄዎች የሚያጠፋውን ትእዛዝ አስገብቶ ኖሯል። እዚያ ላይ ሳይጠይቅ አስቀመጠልኝ። ሌሎቹ ላይ ያ ትእዛዝ የለም። የት እንዳለ የት እንደሌለ የጻፈ ሰውም የለም። በቅጂ ትእዛዙ ፈንታ "ራይት ሜሞሪ" የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይጠይቅ ያስቀምጥ ነበር።

ማታ አንድ ቅርንጫፍ ላይ መብራት ጠፋ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። 7 ስዊቾች ጠፍተው ተነሡ፤ አዲሱን ፓስወርድ እምቢ አሉ። አሮጌውን ሞከርኩት፤ ገባ። ያኔ ደሜ ቀዘቀዘ። ከቢሮው የወጣ ሰው የሚያውቀው ፓስወርድ በሩን ይከፍታል ማለት ነው። ሌሎቹም መብራት እስኪጠፋ ነው የሚጠብቁት። እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ አንድ በአንድ እየገባሁ በእጄ አስቀመጥኩ። ስክሪፕት የጻፍኩት ይህን ላለማድረግ ነበር።

ጠዋት አለቃዬ "ድሮም በእጅ ብትሠራው ይሻል ነበር" አለኝ። ጌታዬ፣ አይሻልም! በሚቀጥለው ዓመት ስዊቹ 60 ይሆናል። የሚያስፈልገኝ ትእዛዙን ልኮ፣ መልሱን አንብቦ፣ መቀመጡን አረጋግጦ የሚወጣ መሣሪያ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ የሊኑክስ ማሽንና የመጫን ፈቃድ ይበቃኛል። ገንዘብ አልጠየቅኩም።

ሦስተኛውን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ። የ7ቱን ስዊቾች ዝርዝር አባሪ አድርጌበታለሁ። ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።