ተረቱን ገልብጠው የተረቱብን ሐኪም

ባለፈው ሳምንት አንድ አንጋፋ ሐኪም በቴሌቪዥን ውይይት ላይ ቀርበው ነበር። የሚመሩት ሆስፒታል ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረውን የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ለምን እንዳቋረጠ ሲጠየቁ ፈገግ አሉና «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ተረቱ። አዳራሹም ሳቀ። ትምህርቱ የቀረው ገንዘብ ወይም አስተማሪ ታጥቶ አይደለም። እርሳቸው እንዳስረዱት መውለድን ለሴት ያስተማረቻት ተፈጥሮ ናት፤ ብዙ ማወቅ ደግሞ ያስፈራታል። በምትኩ ባለሁለት ገጽ በራሪ ወረቀት ይታደላል።

ከተረቱ ልጀምር። ተረቱ የሚሳለቀው ምንም ሳታይ አዋቂ ነኝ ባይዋ ልጅ ላይ ነው። ምጥን የሚያውቅ ያማጠ ነው፣ ልጅቷ አርፋ ከእናቷ ትማር እያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት ቦታዋ የልጅቷ ነው ወይስ የእናቲቱ? ስለዚህ ትምህርቱን ለመዝጋት የተጠቀሰው ተረት ትምህርቱ ይቀጥል ብሎ ይመሰክራል። ምጥን በወሬ ካልሆነ በገላቸው የማያውቁ ወንድ፣ በአዳራሽ ለተሰበሰቡ እናቶች ስለ ምጥ ሲያስተምሩ ተረቱ የሚነካው ማንን እንደሆነ ደግሞ አንባቢ ይፍረድ።

«እናቶቻችን ማን አስተምሯቸው ወለዱ?» የሚለውም ጥያቄ ተከተለ። ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚቆጥረው ወልደው የተነሡትን ብቻ ነው። ያልተነሡት ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው አይከራከሩትም። እ.ኤ.አ. በ2023 እንኳ በዓለም ዙሪያ 260,000 ገደማ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ሊተርፉ የሚችሉ ነበሩ። ሴሪን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ሲከፍሉ፣ የመጀመሪያው መንገድም ሐኪምም ሳይደረስ ቤት ውስጥ የሚፈጠር ነው፤ እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት። የእንሽርት ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ሲፈስ፣ ደም ሲታይ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ ዐይን የሚያጭበረብር ብርቱ ራስ ምታት ሲነሣ ሰዓት እየቆጠሩ እንደማይጠበቅ ተፈጥሮ ለማን ነገረች? እናቶቻችንም ቢሆኑ ሳይማሩ ወለዱ የሚባለው ሐሰት ነው። ብዙዎቹ ታላላቆቻቸው ሲያምጡ አይተዋል፣ ውኃ አቀብለዋል፣ ጩኸቱን ሰምተዋል። የዛሬዋ ሴት ምጥን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው በራሷ ላይ ሲደርስ ነው።

«ማወቅ ያስፈራታል» የሚለው ይበልጥ አናደደኝ። ፍርሃት ጡንቻን ያኮማትራል፣ መኮማተሩም ሕመምን ያብሳል ብሎ እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ መጻፍ የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። ያለው ሁሉ ልክ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ስታምጥ አድራ ጠዋት «የማሕፀን በርሽ የተከፈተው ገና 3 ሴንቲ ሜትር ነው» የተባለች ሴትን አስቡ። ያልነገሯት ከሆነ ሰውነቷ የከዳት ይመስላታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ዋናው ምጥ የሚጀምረው ከ5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት የሚለው የድሮ መለኪያም ለሁሉም ሴት አይሠራም ይላል። ይህችን ቀድማ የሰማች ሴት ጎኗን አሳርፋ ጉልበቷን ለቀረው ታቆያለች። ያልሰማችው ዋናው ሳይጀመር ተስፋ ትቆርጣለች። ታዲያ ያስፈራት ማወቁ ነው?

ሐኪሙ ጨርሶ ያላነሡት ግን ሌላ ሰው አለ፤ ከጎኗ የሚቆመው። ትምህርቱ ለእርሱም ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ባለቤቴ ራስጌዬ ቆሞ ቦርሳውን በሁለት እጁ እንዳቀፈ አደረ። አስቀምጠው ያለው አልነበረም፤ እርሱም ማስቀመጥ እንደሚቻል አልታየውም። አዋላጇ የክትትል ካርዴን ስትጠይቀው ከካልሲና ከቆብ ሥር ሲፈልግ የሕፃኑን ልብስ ግማሹን ወለሉ ላይ በተነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ምን እንደሚያደርግ አላወቀምና ፈራ፤ ፍርሃቱም ወደ እኔ ተጋባ። ለሁለተኛው ልጃችን አብረን ተምረን ነበር። ካርዱ ከቦርሳው የውጭ ኪስ ነበር። በሌሊት ማን መኪና እንደሚነዳ፣ ትልቁ ልጅ ማን ዘንድ እንደሚያድር ቀድሞ ተወስኗል። ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ አንድ ደቂቃ መቆየት ሲጀምርና ለአንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ሲዘልቅ «ጊዜው ነው፣ ተነሺ» ያለኝ እርሱ ነው። ሲያመኝ የመዳፉን ግርጌ ወገቤ ላይ ተጭኖ ይይዛል፤ ሲለቀኝ ውኃ ያቀብለኝና «አንዱ ሄደ» ይለኛል። ሕመሙ ቀነሰልኝ ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ በሩን በሩን እያየሁ ሰው ስጠብቅ አላደርኩም።

ይህ የእኔ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በጓቲማላ ስለተደረገ ጥናት የታተመው እንዲህ ይላል፦ ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቅ፣ የሕክምና ሙያ የሌላት ሴት ከጎናቸው ሆና ያበረታታቻቸው ወላዶች ሆስፒታል ከገቡ በኋላ እስኪገላገሉ በአማካይ 9 ሰዓት ገደማ ሲወስድባቸው፣ ብቻቸውን የነበሩት 19 ሰዓት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። የተጠኑት ሴቶች ጥቂት ነበሩ፣ እሺ። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሮ ምጡ እንደሚያጥር፣ ቀዶ ሕክምናም እንደሚቀንስ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሴቲቱ ራሷ የመረጠችው ሰው ከጎኗ ይሁን ይላል። እንዲህ ያለ ውጤት የሚያመጣ መድኃኒት ቢገኝ እኒሁ ሐኪም ግዙልን ብለው በር ያንኳኩ ነበር። መድኃኒቱ ሰው በመሆኑ፣ ዋጋውም ባልን ወይም እኅትን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሁለት ከሰዓት ማስተማር በመሆኑ ተተረተበት።

ተምራ የወጣች ሁሉ ያለ ቀዶ ሕክምና ትወልዳለች የሚል ካለ ያጋንናል፤ ከዚያ በላይ ለእርሳቸው የምተወው የለኝም። ምጥን በዕቅድ ማዘዝ አይቻልም። ይሁንና ዕቅዱ ሲፈርስ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ማወቅ ይቻላል። «አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» ሲባል ለምን እንደሆነ፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን፣ መጠበቅ የሚያስከትለውን መጠየቅ የለመደችና ያለመደች ሴት ከአንድ ክፍል ቢወጡም አንድ ታሪክ ይዘው አይወጡም። የምትጠይቅ ታካሚ ሥራ ታበዛለችና ዝምተኛዋ ትመረጣለች ብዬ ብጠረጥር ይፈረድብኛል?

በራሪ ወረቀቱን አስፈልጌ አነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ የሕፃን ልብስ ዝርዝር ነው፤ ቆብና ካልሲ አልተረሳም። ሁለተኛው ገጽ ስለ ንጽሕና ይመክራል። ደም መፍሰስ የሚል ቃል የለበትም፤ አብሮ ስለሚሆን ሰውም አንድ መስመር የለም። መጨረሻው ላይ በደማቁ «አትጨነቂ» ተብሎ ተጽፏል። ስትጨነቅ የምትደውልበት ስልክ ቁጥር አላገኘሁበትም።