«ሊፈነዳ ነው!» እያላችሁ ሰው አትጎትቱ

ወገኖቼ፣ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ቅር የሚለው ይበለው።

ባለፈው ሰሞን ቀለበት መንገድ ላይ አንዲት ቪትዝ ከአካፋዩ ግንብ ጋር ተላተመች። እሳት የለም፤ ጭስም የለም። ከሥሯ የሚንጠባጠበው የራዲያተር ውሃ ነው። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ራሱን አልሳተም። «አንገቴን… ቆይ፣ አትንኩኝ» ይላል። መሃል ላይ አንዱ «ነዳጅ ሸተተኝ፣ ሊፈነዳ ነው!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ አራት ጎረምሶች ተረባረቡበት። ሁለቱ በብብቱ፣ አንዱ በቀበቶው፣ አንዱ በእግሩ መንጭቀው አወጡት። አንገቱ ወደ ኋላ ሲንጠለጠል ደገፍ ያደረገው አንድ እጅ አልነበረም። ከዚያ አጣጥፈው ላዳ ውስጥ ከተቱት። በሕመም ሲጮህ የነበረው ሹፌር እዚያ ሲገባ ዝም አለ። ሌላው ሰው ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል።

ቪትዟ አመሻሹን ጎታች መኪና እስኪወስዳት እዚያው ቆማ ነበር። አልፈነዳችም።

ሳስበው ደግሞ አንጀቴ ይላወሳል። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ይፈነዳል ብለው እያመኑ ወደሚፈነዳው ነገር ነው የሮጡት! ታዲያ ይህን ማን አስተማራቸው? ቪዲዮ ቤት ያየነው አክሽን ነዋ። እዚያ መኪና ከተገለበጠ መንደዱ አይቀርም። ፈንጂውን አጥምደው፣ ቤንዚኑን ደፍተው የሚያነዱት የፊልሙ ባለሙያዎች መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረን። የተጋጨ መኪና እሳት ቢይዘው እንኳ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ በኩል ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚነደው። የተሰበረ የአንገት አጥንት ግን ሲጎተት ሕብለ ሰረሰርን ሊበጥስ ይችላል። እሱ ከተበጠሰ ደግሞ መልሶ የሚቀጥለው ሐኪም የለም።

እሳት ወይም ጭስ ካያችሁ አውጡት፤ ማን ከለከላችሁ? ካልሆነ ሞተሩን አጥፉ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ደግፋችሁ ያዙ፣ ለአምቡላንስ 907 ወይም 939 ደውሉ።

ያጠመመን ፊልም ሊያቃናንም ይችል ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ሰዎች የሆሊውድ ደራሲዎችን ለምነው፣ ጓደኞቹን ወደ ቤት የሚያደርስ የማይጠጣ ሹፌር በየድራማው እንዲገባ አድርገዋል። የእኛዎቹስ የተጎዳ ሰው ጭንቅላት ደግፋ አምቡላንስ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ቢያሳዩን ምን ነበረበት? ይሠሩት ይሆን? እንጃ።

አምቡላንስ ይዘገያል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይዘገያል። ቢሆንም ደውሉ።