«ጠጉሩን ብቻ?»

አራት ኪሎ አካባቢ፣ በአንዲት አባላችን ግቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ሹራብ የምንሠራ፣ በኪሮሽ ዳንቴል የምናወጣ፣ ከመካከላችንም አንድ ሁለቱ እንዝርት የሚያሾሩ 14 ሰዎች ነን። ወንድ እኔ ብቻ ስሆን፣ ሴት ትፈትላለች ወንድ ይሸምናል የሚለውን የጥንት የሥራ ክፍፍል ላለማፍረስ ይመስላል፣ እንዝርቱን ሳያስነኩኝ ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከክብሪት ነው። ከመርካቶ የምንገዛው ክር መጠቅለያው ላይ የሰባ በግ ሥዕል አለበት፤ አንዲት ተጠራጣሪ አባል ጫፉን ብትለኩሰው ግን እንደ ፌስታል ቀልጦ ጣቷን አቃጠላት። እውነተኛ ሱፍ ሲቃጠል እንደ ጠጉር ይሸታል እንጂ አይቀልጥም። ስለዚህ ዓመታት ስንጠልፍ የኖርነው ላስቲክ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ሱፍን ከነባለቤቱ ለማየት ወደ ደብረ ብርሃን እንድንሄድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ለዚሁ ጉዞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ባነር በፕላስቲክ አሳተምን፤ ቲሸርቱም ፖሊስተር ነበር።

ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተባለው ጉዞ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ሸኖ ስንደርስ ለፋሲካ የሚሆን ለጋ ቅቤ ለመግዛት ስለቆምን፣ ቅቤውንም እያንዳንዳቸው አሽትተውና ተማክረው ስለገዙ፣ የደረስነው ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው።

የመጀመሪያው ባለ በግ ረጋ ያሉ አዛውንት ነበሩ። የመንዝ በግ ውርጭ የለመደ፣ ከላይ ሻካራ ጠጉር፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ ሱፍ ያለው መሆኑን በጣታቸው ገልጠው እያሳዩን ሳለ፣ ሰብሳቢያችን «አባባ፣ ይሄኛው ስንት ኪሎ ይወጣዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ሽማግሌው የአንድ ሽልት ሱፍ ምን ያህል እንደሚሆን ሊያስረዱ ሲጀምሩ፣ ሰብሳቢያችን «ሥጋውን ማለቴ ነው» ብለው አቋረጧቸው። በ40 ቀን ጾም የተፈተነች ነፍስ በግ ፊት ስትቆም የሚታያት ሱፍ አለመሆኑን ለመረዳት ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ ገበያ ሆነ። ወገብ ተዳሰሰ፣ ጥርስ ታየ፣ ላት ተመዘነ። በጎረቤት ግቢ ከአዋሲ ዝርያ የተዳቀሉ፣ ሱፋቸው የረዘመ በጎች ነበሩ፤ እኛ ግን ሱፉን ወደ ጎን ገለል ያደረግነው ላቱን ለማየት ነው። ይበልጥ የገረመኝ የጥቁሩ በግ ጉዳይ ነው። በርኖስ የሚሠራው ከጥቁር ሱፍ ስለሆነ ሽማግሌው የሚኮሩበትን አንድ ጥቁር በግ መርጠው ቢያቀርቡልን፣ አባሎቻችን በአንድ ቃል «ጥቁርስ ለበዓል አይሆንም» ብለው መለሱት። እኔም በማኅበሩ ስም ለማስተዛዘን «ጠጉሩን ብቻ ብንገዛዎትስ?» አልኋቸው። ሽማግሌው «ጠጉሩን ብቻ?» አሉና፣ ከመካከላችን ጤነኛ የሚመስል ሰው ፍለጋ ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

ቢሆንም በመቀስ ሸለቱልን። መጽሐፍ እንደሚለው በጉ በሸላቹ ፊት አፉን አልከፈተም፤ የከፈትነው እኛ ነን። የቤቱ እመቤት ሱፉ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ እንዴት እንደሚፈተል ሲያሳዩ፣ ዝተቱን፣ ማለትም የሱፉን ብርድ ልብስ፣ ደግሞ ባለቤታቸው እንደሚሸምኑት ሲነግሩን፣ ከአባሎቻችን አንዷ ዝተቱን በጉንጯ ነክታ «ይጎረብጣል» ስትል ፈረደች። ከሰዓት በኋላ የደጋው ነፋስ በፖሊስተሩ ውስጥ ሲገባ ግን ያንኑ ጎርባጭ ዝተት ለአራት ተሻምተው ተከናነቡት። ሲሞቃቸው መልሰው አስረከቡ።

ስንመለስ በመኪናው ጣሪያ ላይ አምስት በጎች፣ አንድም ጥቁር የለባቸውም፣ ከጎናቸውም እኔ በይሉኝታ የገዛሁት አንድ ጆንያ ያልታጠበ ሱፍ ተጭኖ ነበር። ሾፌሩ ስለ በጎቹ ምንም ሳይል የጆንያው ሽታ እንዳስቸገረው ለገጣፎ እስክንደርስ ድረስ አማረረ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሰብሳቢያችን ለናሙና የሚሆን ሱፍ ሲጠይቁ ጆንያውን ፍለጋ ወደ ዘበኛው ሄድሁ። ለካስ ሰውዬው የመንዝ ልጅ ኖሯል፤ ሱፉን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፍራሹን ሞልቶበታል። «ጌታዬ፣ ሌሊቱን አላወቅሁትም፤ ግማሹን ላውጣልዎት?» አለኝ፤ ተወው አልሁት። ሰብሳቢያችንም በቃለ ጉባኤው ላይ «ሱፍ በስፋት ተጎብኝቷል» ተብሎ እንዲሰፍር አዘዙ፤ አሰፈርሁ። ቀጥሎ የተያዘው አጀንዳ የበጎቹ የመኖ ወጪ ነበር።