ማኪያቶ ይዘው ኢየሩሳሌምን ለሚይዙ ጀግኖች

ስለ ሠፈራችን ጀግኖች እስካሁን አለመጻፌ ይቆጨኛል። ሁለት ናቸው። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም። አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጠልዙ ነው ያደጉት። አሁን ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በየምሽቱ ካፌ ቁጭ ብለው በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ስለ ኢየሩሳሌም የተፋለሙበትን የመስቀል ጦርነት ይዋጉልናል።

«በ1099 ኢየሩሳሌምን ያዝናት!» ይላል አንደኛው። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ጦሩ የተነሳው ከፈረንሳይና ከዚያው አካባቢ ነው፤ «ያዝናት» የሚለው ሰውዬ ደግሞ አዋሽን ተሻግሮ አያውቅም። ቢሆንም ድሉ ይደርሰዋል። የዚያን ቀን ሙስሊሙም አይሁዱም መታረዱን አያነሳም። ትልቅ ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

«በ1187 አስወጣናችሁ እኮ!» ይላል ሁለተኛው። ከተማዋን ያስመለሰው ሱልጣን ሳላሃዲን ኩርድ ነው፤ የእኛ ሰው ግን እንደ አክስቱ ልጅ ነው የሚያወራለት። ሳላሃዲን ከወንድ 10፣ ከሴት 5 ዲናር ቤዛ እየተቀበለ ሕዝቡን በሰላም ማስወጣቱን ሲተርክ ዓይኑ እንባ ያቀራል። መክፈል ያቃታቸው ሺዎች ለባርነት መዳረጋቸው ላይ ሲደርስ ስልክ ይደወልለታል።

የማስታወስ ችሎታቸውንማ ተዉት! አንደኛው አምና የተበደረኝን 2,000 ብር ረስቷል። ኢየሩሳሌም የተያዘችበትን ቀን ግን አይረሳም፤ ጁላይ 15።

ብድር ከተነሳ ዘንድ አራተኛውን የመስቀል ዘመቻ ጠየቅኳቸው። ዘማቾቹ ወደ ግብፅ ሊሻገሩ ከጣሊያኗ የባሕር ከተማ ከቬኒስ ጋር በ85,000 የብር ማርክ ተዋዋሉ። ቬኒስ መርከቡን ሠርታ ጠበቀች። የመጣው ሰው ግን ከታሰበው ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ ሂሳቡም ጎደለ። ታዲያ ዕዳው እንዲራዘምላቸው በ1202 ዛራ የምትባል ከተማን ወረሩላት። ዛራ የካቶሊክ ከተማ ናት። የሮማው ፖፕ ተዉ ብለው ነበር፤ ማን ሰምቷቸው! በ1204 ደግሞ ቁስጥንጥንያን፣ የዛሬዋን ኢስታንቡልን፣ ዘረፉ። እሷም የክርስቲያን ናት። አራት የነሐስ ፈረሶች ሳይቀሩ ተነቅለው ቬኒስ ገቡ። ግብፅ? ዋናው ጦር ድርሽም አላለባት።

«ይሄንን ማን አሸነፈ?» አልኳቸው። ሁለቱም ባዶ ስኒ ማማሰል ጀመሩ።

ደግነቱ ሁለቱንም እኩል የሚያበሳጭ ታሪክ አለ። በ1229 የጀርመንና የሲሲሊ ገዥ የነበረው ንጉሥ ፍሬድሪክ ዳግማዊ ከግብፁ ሱልጣን ከአል ካሚል ጋር ተደራድሮ ኢየሩሳሌምን ያለ ውጊያ ተረከበ። የአል አቅሳ መስጊድ ግቢ በሙስሊሞች እጅ ቀረ። እንዲህ ያለ ነውር! ንጉሡን ፖፑ ቀድሞውኑ አውግዘውታል። ወደ አገሩ ሊመለስ ሜዲትራኒያን ዳር ያለችው አክሬ (አኮ) ወደብ ላይ ሲደርስ ሉካንዳ ነጋዴዎቹ በጨጓራና በአንጀት ወገሩት። ሱልጣኑንም ደማስቆ ውስጥ በይፋ አወገዙት። ደም ሳይፈስ ከተማ ይሰጣል እንዴ?

«ሁለቱም ፈሪዎች ናቸው» አሉ ጀግኖቻችን፣ በአንድ ድምፅ። በዚያ ምሽት የተስማሙበት ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

በ1244 ጋዛ አጠገብ የደማስቆ ሙስሊምና የመስቀል ጦረኛ በአንድ ወገን ተሰልፈው የግብፅን ጦር መግጠማቸውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት አስተናጋጇ ሂሳብ ይዛ መጣች። ያቺ ምሽቱን ሙሉ ስትፎክር የነበረችው «እኛ» ድንገት «አንተ» ሆነች።

ከፈልኩ። ጀግኖቹ «ነገ ሦስተኛውን ዘመቻ እንቀጥላለን» ተባብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ወጡ።