ሽማግሌ ሳይልክ?

ደሴ ከገባሁ ጀምሮ የማይለቀኝ ጥያቄ አለ። «እዚያ አገር ወንድ ከወንድ ይጋባል አሉ፤ እውነት ነው?» ፒያሳ ላይ የባጃጅ ሹፌሩ ጠየቀኝ። ሰኞ ገበያ በርበሬ ስገዛ ነጋዴዋ ጠየቀችኝ። ሐይቅ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ዓሣው ሳይቀርብ ጥያቄው ቀረበ። ሁሉም መልሱን ያውቀዋል። ቲክቶክ ነግሮታል። ከኔ የሚፈልገው ፊቴን ማየት ይመስለኛል። አፈርኩ ወይስ አላፈርኩም?

እውነት ነው። የምኖረው ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። ሕጉ የተቀየረው በኛ አቆጣጠር ኅዳር 2010 ላይ ነው። ዜግነት ወስጄ ስለነበር እኔም ከተጠየቁት አንዱ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ወንበሩን ያስጠጋል። «አንተም ተጠየቅክ?» አዎ። «ታዲያ ምን አልክ?» ድምፅ ሚስጥር ነው። እዚህ ላይ ይኮረፋል። አቦ እኔ ደሞዜን ስትጠይቁኝ ነግሬያችኋለሁ። የቤት ኪራዬን ነግሬያችኋለሁ። ሦስተኛ ልጅ ለምን እንዳልደገምኩ እንኳ በአደባባይ አስረድቻለሁ። አንዲት ነገር ለራሴ ባስቀር ምናለበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት ጉዳዩን ፓርላማ ውስጥ ለመቁረጥ ፈራ። የገዢው ወገን ሰዎች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ሁሉም በግዴታ ድምፅ ይስጥ ሲባል ደግሞ ሴኔቱ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሕዝብ የሚቆጥረው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለመራጩ ሁሉ ደብዳቤ እንዲልክ ተወሰነ። መላክ የተጀመረው መስከረም 2 ቀን 2010 ነው። እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርን ማግስት ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች መጋባት እንዲችሉ ሕጉ ይቀየር ወይ? ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ። አዎ፣ አይ። አንዱ ላይ ምልክት አድርገህ ቴምብር ሳትገዛ መልሰህ ትልካለህ። አለመምረጥ በሚያስቀጣበት አገር ይሄኛው በፈቃድ ነበር።

እኔን የቆረቆረኝ ያ ፖስታ ነው። እስከ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ፊት ለፊቴ የሚኖር ኤሌክትሪሺያን ጎረቤት አለኝ። አብሮት የሚኖረው የፍቅር ጓደኛው ወንድ ነው። እኛ ሰፈሩን ሳናውቀው በፊት ጀምሮ አብረው ናቸው። የሣር ማጨጃዬ ሲበላሽ የሚጠግንልኝ እሱ ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ድፎ ዳቦ ልከንላቸው ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የፖስታ ሳጥን ጋ ተገናኘን። እሱም ያን ፖስታ ይዟል፣ እኔም ይዣለሁ። የኔ ስለ እሱ ይጠይቀኛል። የሱም ስለ ራሱ ይጠይቀዋል። ሰላም ተባባልን። ዳቦው እንደጣማቸው ነገረኝ። ፖስታውን እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ዓይኑ ግን አንዴ እጄ ላይ አረፈ። ከዚያ ደህና ዋል ብሎኝ ገባ።

አሁን ይሄ ሰውዬ ለማግባት የኔን ደጅ ሊጠና ነው? እኔ ማን ነኝ? ውጫሌ ተወልጄ ኮምቦልቻ የተማርኩ ሰው የአንድ አውስትራሊያዊ ኤሌክትሪሺያን ትዳር ላይ ምን አግብቶኝ ነው ምልክት የማደርገው? ሚስቴ ዳቦውን ስትጋግር ያልጠየቀችውን እኔ በመንግሥት ብዕር ልጠይቀው?

እርግጥ እኛም አገር ትዳር የሁለት ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ዘር ይቆጠራል። አጎት ያኮርፋል። ጎረቤት ሳይጠየቅ ይመክራል። ግን ቢያንስ ነገርህ ውስጥ የሚገባው የሚያውቅህ ሰው ነው። ሲያምህ ይጠይቅሃል፣ ስትሞት ይቀብርሃል። እዚያ የተጠየቀው 16 ሚሊዮን ሰው ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ጭቅጭቅ ሆነ። ሲድኒ ሰማይ ላይ አውሮፕላን በጭስ «አይ በሉ» ብሎ ጻፈ። አዎ ባዮች ደግሞ ከተማውን በቀስተ ደመና ባንዲራ ሞሉት። መሥሪያ ቤቱ እባካችሁ ፖስታው ውስጥ ብልጭልጭ ነገር አትጨምሩ ብሎ እስከመለመን ደረሰ። ቴሌቪዥን ከፈትክ፣ ክርክር ነው። ሥራ ገባህ፣ ክርክር ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ደግሞ በአባቴ ደንብ ያደግኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ወሬ በልጅ ፊት ሲነሳ ጉሮሮዬን ጠርጌ «የቤት ሥራ የለም እንዴ?» ነው የምለው።

አንድ ነገር ግን አስደነቀኝ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት «አይ በሉ» ከሚሉት ዋነኛው ነበሩ። እህታቸው ክሪስቲን ፎርስተር ደግሞ የምትኖረው ከሴት የፍቅር ጓደኛዋ ጋር ነበር። እሷም በበኩሏ «አዎ በሉ» እያለች ተነሳች። ወንድምና እህት አገር እየሰማ ተሟገቱ። አሸነፈች። የአቦት የራሳቸው የምርጫ ክልል ሳይቀር 75 በመቶው አዎ አለ። ፓርላማው ሕጉን ሲያጸድቅ አቦት ድምፅ ሳይሰጡ ወጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እህታቸው ስታገባ ግን ሰርጉ ላይ ተገኙ። ሐሳባቸውን እንደያዙ፣ ሱፋቸውን ለብሰው።

የኛስ ሰው? የዚያ ሰሞን የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሰዎች ያሳዩት ፍቅር ለጉድ ነው። ለአንድ የኮሙኒቲ አዳራሽ ኪራይ መስማማት ያቃታቸው ሰዎች በአንድ ድምፅ «አይ» ሲሉ ሰማሁ። እምነታቸው ነው፤ መብታቸውም ነው። ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከመካከላቸው አንድም ሰው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ አላለም። ሃያ ዓመት ኖረው! አብረው ታክሲ ነድተው፣ አብረው ሆስፒታል አጽድተው! ጭራሽ አላየንም አሉ።

ውጤቱ ኅዳር 6 ተነገረ። ወረቀቱን የመለሰው 79.5 በመቶ ነው። 61.6 በመቶው አዎ፣ 38.4 በመቶው አይ አለ። ከ150 የምርጫ ክልል 133ቱ አዎ ያሉ ናቸው። አይ ካሉት 17 ውስጥ 12ቱ ምዕራብ ሲድኒ ናቸው። እንደ ብላክስላንድ ባለው ክልል ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ አይ ብሏል። ያ አካባቢ ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው። ከዚያማ ወሬው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጋዜጣው ስደተኞች፣ ስደተኞች ይላል። ግብር ስንከፍል ዜጋ ነን። ድምፃችን ሳይጥማቸው ሲቀር ስደተኞች ሆንን። የሥራ ባልደረባዬ ሻይ እየቀዳች «የእናንተ ሰዎች ለምን እንዲህ አደረጉ?» አለችኝ። የእኛ ሰዎች እነማን ናቸው? ሊባኖሳዊው? ቬትናማዊው? እኔ የምኖረው ሜልቦርን፣ ብላክስላንድ ያለው ሲድኒ። የደሴ ሰው ለሐረር ሰው መልስ ይስጥ ብሎ መጠየቅ ነው። ደግሞ እኔ ምን እንዳልኩ በምን አወቀች? እሷም እንደ ባጃጅ ሹፌሩ ፊቴን እያየች ነበር።

ወደ ደሴ ልመለስ። ይህን ሁሉ ጦሳ ሥር ባለው አክስቴ ቤት፣ ቡና እየተፈላ ነው የተረክኩት። አክስቴ ሐጅ ያደረጉ ሴት ናቸው። የእናቴ ወገን ደግሞ ክርስቲያን ነው። ቤተሰቡ ግማሹ ጁምዓ፣ ግማሹ እሑድ የሚሄድ ነው። አክስቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ቲም ዊልሰን የሚባል የፓርላማ አባል ስለ ሕጉ ንግግር ሲያደርግ፣ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ተመልካች ወንበር ላይ የተቀመጠ ወንድ ጓደኛውን «ታገባኛለህ?» ብሎ እንደጠየቀው ስነግራቸው ግን አላስቻላቸውም።

«በሸንጎ ፊት? ሽማግሌ ሳይልክ?»

ከሁሉም ያስደነገጣቸው ይሄ ሆነ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥለው ያ ሁሉ ፖስታ ስንት እንደፈጀ ጠየቁኝ። ከ80 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው አልኳቸው። «ያረቢ! በዚህ ብር የደሴ ውኃ አይጠገንም ነበር?» አሉ። ውኃ ከመጣ ቆይቶ ነበር፤ ቡናው የተፈላው ከጀሪካን በተቀዳ ውኃ ነው።

እኚህ ሴትዮ እኮ ቀላል ሰው አይደሉም። የእናቴ ታናሽ እህት የእስላም ልጅ ላግባ ባለች ጊዜ ሁለቱም ወገን አብዶ ነበር። «ሬሳዬን ተራምዳ» ያለ ነበር። ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተላከ። በመጨረሻ ሰርጉ ሲደገስ ሁለት ዳስ ተጣለ፤ እርዱ ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ። ቅልውጡ ብቻ አንድ ላይ ነበር። ሬሳዬን ያሉት አጎት የክርስቲያኑ ዳስ በር ላይ ቆመው እንግዳ ያስገቡ ነበር። ስለ ቶኒ አቦት ሳወራ አክስቴ ያስታወሱት እሳቸውን ነው። «እንደዚያ ነው እንጂ! ተጣልተህስ ቢሆን ሰርግ ይቀራል?» አሉ። ከዚያ ምን እንዳሉ ትዝ ሲላቸው ቶሎ ብለው አስተግፊሩላህ አሉ።

የአጎቴ ልጅ ግን አልሳቀም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የአንድ ወጣት ፎቶ ነው። ስሙ ተጽፏል፤ ሰፈሩም ተጽፏል። ከኋላ የሚናገረው ድምፅ «እወቁት» ይላል። ከሥሩ የተጻፈውን አልደግመውም። እንዲህ ያለው ነገር በተለይ ከ2015 ወዲህ ብሷል። የዚያን ዓመት ነሐሴ ላይ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በሚላቸው ሆቴልና ማረፊያ ቤቶች ላይ እርምጃ እወስዳለሁ፣ ሕዝቡም ጠቁመኝ ብሎ ነበር። ይህን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንደሆነ ድሮም አለ። ዳኛ አለ፣ ፖሊስ አለ። ለልጁ ግን ዳኛውም ፖሊሱም ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ክርክር አላልክም? የኛ ክርክር ይሄ ነው» አለኝ።

ተናደድኩ። እዚያ ያ ፖስታ እንዳናደደኝ ሁሉ እዚህም ተናደድኩ። ክርክርማ የሚባለው ሰውዬውም አፍ ሲኖረው ነው። ጎረቤቴ ቢያንስ ፖስታው ደርሶታል። ስለ እሱ ሲወራ እሱም ያወራ ነበር፤ ሰልፍ ወጣ፣ ተሳደበ፣ አለቀሰ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። እንዲያውም ለዘመቻው ሰሞን ብቻ ስድብንና ማስፈራራትን የሚቀጣ ሕግ ወጥቶ ነበር። ይሄኛው ልጅ ምን ይመልሳል? ቢናገር ወንጀል ነው። ዝም ቢል እውነት ነው ይባላል። ውሸት ቢሆንስ? አንዱ ተቀይሞት የለጠፈው ቢሆንስ?

የአጎቴ ልጅ ሞኝ አይደለም። «አንተ ራስህ ተናገርክ እኮ» አለኝ። «እነሱም በ2004 በፈረንጅ አቆጣጠር ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው ብለው ሕግ አውጥተው ነበር አልክ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። 13 ዓመት አወሩና ተቀየረ። እኛ አፋችንን የማንከፍተው ለዚህ ነው። ቁርኣኑም መጽሐፍ ቅዱሱም የተስማሙበትን ምን አስወራን?» ለዚህ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ማውራት ሰውን ይቀይራል፤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ «አንተማ ፈረንጅ ሆነሃል» ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ። እዚያ ስደተኛ፣ እዚህ ፈረንጅ! እኔ ሕጉን ቀይሩ አላልኩ፣ ሃይማኖታችሁን ተዉ አላልኩ። የሰው ልጅ ፎቶ ከነሰፈሩ አትለጥፉ ማለት ፈረንጅነት ከሆነ ይሁን።

አክስቴ ማንበብ አይችሉም። ምን እንደምናይ ጠየቁን። ስልኩን ተቀብዬ አሳየኋቸው፤ የተጻፈውንም በለስላሳው ነገርኳቸው። ልጁን ትክ ብለው አዩት።

«የማን ልጅ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሼር ነው ያደረግኩት» አለ የአጎቴ ልጅ።

«ሼር ምንድን ነው?»

ላንተ የተነገረህን ለሌላው ማሳለፍ ነው አልኳቸው። ከሥር ስንት ሰው እንዳሳለፈው ቁጥሩን አነበብኩላቸው። «ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ልጅ ላይ?» አሉና ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። የኔንም ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሁለቱንም ረከቦቱ ሥር ከተቷቸው። የአጎቴ ልጅ «አክስቴ፣ የሥራ ስልክ ይደወልልኛል» ብሎ ለመነ። ሦስተኛው ሲኒ እስኪቀዳ አልሰጡንም።