እድሜና ጎማ ይስጥልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ አንድ ፓርክ ውስጥ ተሰብስበን፣ ስጋው ገና ከሰል ላይ እንደተጣደ፣ ካምፐር ቫን መጣ። መጣ ስል መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፣ ቫኑ ቆየት ብሎ ነው የደረሰው። ሰውዬው ከላይ ዘለለ (ከዛ ከፍታ ወረደ አይባልም)፣ ሰላም እንኳን ሳይለን "ጎማውን አያችሁት?" አለ። አየነው። ምን እናድርግ፣ ሌላውን ነገር ሁሉ ጋርዶታል። ሚስቱ በጎን በር ልጆቹን አንድ በአንድ እያቀበለችን፣ እሱ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ሰቅሎ ስለ ጥርሱ ሲያብራራ፣ ስለ ኢንቹ ሲያብራራ፣ ስንት ሳምንት ጠብቆ እንዳስመጣው ሲያብራራ ስጋው አረረ።

ያረረውን እያኘኩ አሰብኩበት። እነዚህን ሰዎች ስናማቸው ኖረናል፣ ምንም አልተለወጡም፣ እንደውም ጎማው በየዓመቱ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ዛሬ ላመስግናቸው። የምላቸውን ታውቋቸዋላችሁ፣ በየሰፈሩ አሉ፣ ኮቪድ ጊዜ ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው ቫን ገዝተው አልጋና ምድጃ ያስገጠሙት። ቫን መግዛታቸው ላይ ምንም የለኝም፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆችን ይዞ ጫካ ማደር የመሰለ የለም። እኔ የማወራው ከዛ በኋላ ስለሚይዛቸው ነገር ነው።

የፋብሪካ ጎማ መቼም ያሳዝናል። ስፕሪንተሩ (የመርሴዲሱ ቫን) ብዙ ጊዜ 245/75/16 አድርጎ ነው የሚመጣው (ስፋቱ በሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች)፣ ቁመቱ ሰላሳ ኢንች ተኩል ገደማ። ጀርመኖቹ ይሄን ቁጥር የመረጡት ክብደቱን፣ ፍሬኑን፣ ማርሹን፣ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የት እንደሚደርስ ምናምን እያሰሉ ነው። ድካም! ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ ካፌ በር ላይ ማኪያቶ የያዘ ወንድማችን በአንድ እይታ "ይቺማ አንሳለች፣ አሻንጉሊት አስመሰለችው" ብሎ ጨረሰው። 275/70/17 አስገባ። አሁን ሰላሳ ሁለት ኢንች ከትንሽ ነገር ሆነ። ልብ በሉ፣ ጎማ ሲያድግ ወደ ታችም ወደ ላይም ነው የሚያድገው፣ መኪናውን ከመሬት የሚያነሳው የጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ዶላር ፈሶ ቫኑ ከፍ ያለው አንድ ኢንች በማይሞላ ነው። አንድ ኢንች በማይሞላ! ሌላኛው ግማሽ ፓራፋንጎውን ሊበላ ወደ ላይ ሄዷል። ግን ፎቶ ላይ ያምራል፣ እሱ ደሞ ቀላል ነገር አይደለም።

እና ይሄ ጭቃ የሚቦጭቅ፣ ድንጋይ የሚነክስ ጎማ የት ይሄዳል? ስካይላይን ድራይቭ። ቨርጂኒያ ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያለው፣ 105 ማይል ሙሉ አስፋልት፣ የሚፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል፣ በመጸው ጡረተኞች የቅጠል ቀለም ሊያዩ ቀስ እያሉ የሚነዱበት። እዛ ነው ጀግናችን ለዳናኪል የሚበቃ ጎማ አድርጎ የሚዘምተው። በመንገድ ዳር ያለውን ጠጠር ረግጦ ፎቶ ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ የነካው ያልተነጠፈ መሬት ያ ነው። ሲመለስ ቫኑን ያሳጥባል። ምኑን እንደሚያሳጥብ አትጠይቁኝ።

ዳናኪል ካልኩ አይቀር፣ አፋር ውስጥ ቱሪስት ይዘው ኤርታሌ የሚያደርሱ ሾፌሮች አሉ። አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ተራ ጎማ። አሸዋው ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ይወርድና ከየጎማው ትንሽ ትንሽ ንፋስ ያስወጣል፣ ጎማው ተኛ ብሎ ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ ያልፋል፣ ጠንካራ መሬት ሲያገኝ መልሶ ይነፋል። በቃ። ያ ምስኪን እንግዲህ ኢንች መጨመር የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም። ንፋስ መቀነስ ደሞ በነጻ ነው፣ በነጻ የሆነ ነገር ፒክኒክ ላይ ለማን ይታያል?

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ግን አንድ ሰው አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጎማው ይበቃዋል። ይሄ ሰው ትልቁን ጎማ አስገባ። በመጀመሪያው ቀን መሪውን ወደ ቀኝ ሲጠመዝዝ ግጭጭጭ አለ። የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ በመጋዝ ቆረጠው። አሁንም ግጭ። እሺ፣ ቫኑን ሁለት ኢንች ከፍ አስደረገው። ከፍ ሲል አላይመንቱ ተዛባ፣ አዲሱ ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ መበላት ጀመረ፣ ተስተካከለ፣ ደሞ ተበላ፣ ደሞ ተስተካከለ፣ ጎሚስታው የልጁን የኮሌጅ ክፍያ በሱ እንደሚከፍል ነው የሚወራው። ከዛ ስኮርታው። የፋብሪካው ስኮርታ ቦታው ቫኑ ሆድ ስር ነው፣ አዲሱ አልገባ አለ። ማንጠልጠያ ብረት አሰርቶ ኋላ በር ላይ ሰቀለው። በሩ ከበደ፣ ማጠፊያው ዘመመ፣ ማጠፊያ አስቀየረ። ጎማው የኋላ ካሜራውን ጋረደ፣ ሌላ ካሜራ አስገጠመ። ታርጋውን ጋረደ፣ ቲኬት ተቆረጠበት፣ ታርጋውን አዛወረ፣ ለታርጋው መብራት አስገጠመ። አልጨረስኩም። ምድጃው የተሰራው በኋላ በር በኩል ነበር። ስለዚህ ይሄ ሰው ጠዋት ተነስቶ ቡና ለማፍላት መጀመሪያ ያን ጎማ ከነብረቱ ገፍቶ ማዞር አለበት፣ ብቻውን ስለማይችለው ጎረቤት ድንኳን የተከሉ ፈረንጆች በካልሲ ወጥተው ያግዙታል። ቡናውን ያጠጣቸዋል፣ ጨዋ ልጅ ነው።

ከዛ እናቱ ከደሴ መጡ። በቫኑ ኤርፖርት ሄደ። እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ብለው አዩት።

"ይሄ ምን የሚጭን ነው ልጄ?"

"ካምፐር ነው እማዬ፣ ውስጡ አልጋ አለው።"

"አይሱዙ መስሎኝ። እና በየት ነው የሚወጣበት?"

አወጣጡ እንዲህ ነው፣ እሱ ከታች ይገፋል፣ ሚስቱ ከላይ ትስባለች፣ ሻንጣ የሚገፋው የኤርፖርት ሰራተኛ ይጸልያል። "እኔ ከደሴ አዲስ አበባ በቅጥቅጥ ነው የመጣሁት፣ ማንም አልገፋኝም" አሉ እናት፣ ከላይ ሆነው። በማግስቱ በርጩማ ገዛላቸው። በርጩማው ተንሸራተተ። በኤሌክትሪክ የሚወጣ የሚገባ ደረጃ አስገጠመ። ደረጃው ባትሪ ጨረሰበት፣ ባትሪ ጨመረ። ባትሪው ከበደ፣ ቫኑ ከኋላ ተቀመጠ፣ የኋላ ባሌስትራውን አስጠነከረ። ባሌስትራው ሲጠነክር ቫኑ ደሞ ከበፊቱ ከፍ አለ። ከፍ ሲል ደረጃው መሬት አልደርስ አለ። በርጩማው ተመለሰ! ይሄን ሁሉ ሲያደርግ አንዴም ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አላየሁም። ጎማና ቸርኬው ስለከበደ ፍሬን ሲይዝ ቶሎ አልቆም ብሎት ትልቅ ፍሬን አስገባ፣ ትልቁ ፍሬን ደሞ የድሮው 16 ቸርኬ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ቢጸጸት እንኳን መመለሻ የለውም። አልጸጸትም ይላል። እድሜና ጎማ ይስጠው።

ለትዳርም ያለውን ጥቅም መርሳት አይገባም። ያ ባለትልልቅ ጥርስ ጎማ ሀይዌይ ላይ ስለሚጮህ ባልና ሚስት አራት ሰዓት ሙሉ አይጨቃጨቁም፣ ቢፈልጉም አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማማ። አንዷን አውቃለሁ፣ ከኋላ ወንበር ለባሏ ቴክስት ታደርግለታለች፣ ሽንት ቤት አቁምልኝ ብላ።

ድፍረታቸውን ደሞ ተዉት። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ይረዝማል፣ የፍጥነት ቆጣሪው ግን በድሮው ጎማ ሂሳብ ነው የሚቆጥረው። ከላይ በጠራሁት ልዩነት አምስት ተኩል ፐርሰንት ያህል ይዋሻል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል ካለፍክ ተራ ቲኬት አይደለም፣ ሬክለስ ድራይቪንግ ነው፣ ወንጀል ነው፣ ፍርድ ቤት ያስቆማል። እና ወንድማችን ሀይዌይ 81 ላይ፣ ቆጣሪው 81 ማይል እያለው፣ "ትንሽ ነው ያለፍኩት" ብሎ ዘና ብሎ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ሲነዳ በእውነቱ 85ን አልፏል። ዳኛው ፊት ቀርቦ "ጎማዬ ነው ክቡር ዳኛ" ሲል ለመስማት ስራ አስፈቅጄ እሄዳለሁ። ማይሉንም እንደዛው አሳንሶ ነው የሚቆጥረው፣ ነዳጁ ደሞ በክብደቱ ምክንያት ጨምሯል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ቁጥር ያስለቅሳል። ቆጣሪውን ማስተካከል ይቻል ነበር፣ ግን ብሩ ቸርኬውን ጥቁር ለማስቀባት ሄደ።

አንድ ነገር ላይ ግን መሳቅ አልችልም። ጎማ ጎኑ ላይ አንዱ ጎማ ምን ያህል እንደሚሸከም በኮድ ተጽፎበታል። 121 የሚል ከሆነ 1450 ኪሎ፣ 112 ከሆነ 1120 ኪሎ፣ ሰንጠረዡ ስልክህ ላይ ወዲያው ይገኛል። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከር፣ ባትሪና ቤተሰብ የጫነ ካምፐር አራት ቶን ይጠጋል፣ አብዛኛው ደሞ የሚያርፈው የኋላ ጎማዎቹ ላይ ነው። እና አንተ ለቤት መኪና የተሰራ፣ 700 ኪሎ የሚችል ባለአምስት ብሎን ቸርኬ፣ ቅርጹ ስላማረህ ብቻ፣ ባለስድስት ብሎን ቫን ላይ በአዳፕተር አስገድደህ ትገጥማለህ? ጎማውን ከማታውቀው ሰው ጋራዥ "ዲል ነው፣ ጥርሱ አላለቀም" ብለህ ትገዛለህ? ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ብታያቸው 2313 ይላል፣ በ2013 በ23ኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው። ጥርሱ ስላላለቀ አዲስ አይደለም፣ ላስቲኩ አርጅቷል፣ ጎኑ ተሰነጣጥቋል፣ በጁላይ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በ70 ማይል ሲፈነዳ ማን ነው ከኋላ የተኛው? ልጆችህ ናቸው! እነሱ የሚያውቁት አባታቸው ካምፒንግ እየወሰዳቸው መሆኑን ነው። የሾፌር በር ስትከፍት የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ መጠኑም ንፋሱም ክብደቱም ተጽፎልሃል፣ ቸርኬ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ማይል ነድተህ ብሎኖቹን መልሰህ አጥብቅ ሲሉህ ደሞ "ጠብቋል ባክህ" ትላለህ። ምንድነው የጠበቀው? ለስታይል ሲባል በሰው ነፍስ አይቀለድም። አፈር ስሆን አንብቡት።

እሺ፣ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ምስጋናው ይቀጥል፣ አማካሪዎቹ ቀሩኝ። አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ "ቫን ገዛሁ፣ ምን ጎማ ላድርግ?" ብሎ ይጠይቃል። ስንት ኪሎ ትጭናለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ የት የት ትሄዳለህ የሚለው የለም፣ በረዶ አለ ወይ የሚል የለም። "ተለቅ ያለውን!" ይባላል በአንድ ድምፅ፣ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ደሞ ቫን የሌለው ነው። ሌላው "እኔ 35 ኢንች አስገብቻለሁ፣ ምንም አይነካም" ይላል። እውነቱን ነው፣ አይነካም፣ ቫኑ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከቤቱ በር አልተንቀሳቀሰም። ጠያቂው ግን አመስግኖ ያዝዛል፣ ሶስት መቶ ማይል አስፋልት ነድቶ አስፋልት ላይ ለሚያድር ሰው የበረሃ ራሊ ጎማ።

የደረጃና የበርጩማው ሰውዬ በቅርቡ ቫኑን ሊሸጠው አውጥቶታል፣ ልጆቹ አደጉበት፣ ካምፒንግ አንሄድም አሉ። ማስታወቂያው ላይ ያስገጠመውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ያወጣበትን ከነሳንቲሙ ደምሮ ጽፏል። የሚመጣው ገዢ ሁሉ ቫኑን ዞር ዞር ብሎ ያይና የሚጠይቀው ያው ነው፣ "የፋብሪካው ጎማ አለህ?" የለውም። ቢኖረውም ፍሬኑ አያስገባውም። ገና ያኔ፣ ከነቸርኬው፣ በሁለት መቶ ዶላር ለአንድ ቧንቧ ሰራተኛ ሸጦታል። ቧንቧ ሰራተኛው እሱም ስፕሪንተር አለው፣ ቱቦና የሽንት ቤት መቀመጫ እስከ ጣሪያው ጭኖ፣ ገና መንገድ ያልተነጠፈላቸው ግንባታዎች ውስጥ በዝናብም በጭቃም በነዛ ጎማዎች ሲገባና ሲወጣ ነው የሚውለው።