የካርድ ማንበቢያው የት ይገጠም?

ያነበብነው አንድ ጽሑፍ በፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ የሚገጠመው የካርድ ማንበቢያ፣ ማለትም የላክነው ሰነድ ካርዳችንን ስናስነካ ብቻ እንዲታተም የሚያደርገው መሣሪያ፣ የወረቀት ብክነት እንደሚቀንስ አስረድቶናል፤ የት እንደሚገጠም ግን አንድም ቃል አላነሳም። በእኛ መሥሪያ ቤት ከስክሪኑ በስተኋላ ከፍ ብሎ ተለጥፏል። በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሰው ባልደረባችን እጇ ስለማይደርስ ካርዷን ላገኘችው ሰው ትሰጣለች። ካርዱ የመጣው የሰነዳችንን ምስጢር ለመጠበቅ አልነበረም እንዴ? የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት እጅ የሚደርስበትን ከፍታ ከወለል 122 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገድባል። ለዓይነ ስውር ሠራተኛ ደግሞ ልሙጡ ስክሪን ከመስኮት መስታወት አይለይም፤ ካርዱ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥና ከኮምፒውተር የተላከውን ሁሉ ሌላ ቁልፍ ሳያስነካ የሚያትም አሠራር እያለ! አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። የጨረታ ሰነድ አዘጋጆቻችን ግን የሚጠይቁት ማሽኑ በደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚያወጣ ብቻ ነው።